ስኮትላንዳውያን በባሕር ማዶ፦ ቅርስና ባህል ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገርባቸው መንገዶች

ከአገሩ ወጥቶ በሌላ ምድር የሚሰፍር ሕዝብ በርካታ ነገሮችን ያጣል። የጠፋ ንብረት በሥራ ይተካል፤ የተቋረጠ የኑሮ ደረጃም በጊዜ ሂደት ይመለሳል። ቋንቋ፣ ዜማ፣ ጭፈራና የአነጋገር ለዛ ግን እንደዚያ አይደሉም። ወላጅ የሚናገረውን ልጅ ብቻ ሰምቶ፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ሳይሰማው ሊያድግ ይችላል። በመሆኑም በውጭ የሚኖር ማኅበረሰብ ባህሉን ጠብቆ ለማቆየት ያለው ዕድል ከሁለትና ከሦስት ትውልድ ዕድሜ ብዙም የዘለለ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩን በስኮትላንዳውያን ልምድ ማስረዳት ነው። ስኮትላንድ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአገሪቱ ነዋሪ ሕዝብ ወደ 5.4 ሚሊዮን ሲሆን፣ በካናዳ ብቻ በ2016 በተካሄደው ቆጠራ የዘር ሐረጋቸው ከስኮትላንድ እንደሚመዘዝ የገለጹት ዜጎች ወደ 4.8 ሚሊዮን ይጠጋሉ። በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በሌሎች አገሮች ያሉት ሲጨመሩ ከአገር ውጭ ያለው የስኮትላንድ ተወላጅ በአገር ቤት ካለው እጅግ ይበልጣል። ይህ ማኅበረሰብ ባህሉን ለመጠበቅ ያደረገው ጥረት ከሦስት ምዕተ ዓመታት በላይ ያስቆጠረ በመሆኑ የትኛው መንገድ ፍሬ እንዳፈራ፣ የትኛውም እንዳላፈራ ለማየት ያስችላል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉ እናሳስባለን።

ስኮትላንዳውያን ከአገራቸው ለምን ወጡ?

ስኮትላንድ ለኢትዮጵያ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አገር አይደለችም። በ1770 ጎንደር ደርሶ የጥቁር ዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን የጎበኘውና ስለ አገራችን ሰፊ የጉዞ መጽሐፍ የጻፈው ጀምስ ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነበር። ብሩስ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ የግዕዝ ብራናዎችን ይዞ አውሮፓ በደረሰበት በዚያው በ1773 ዓመት፣ ወገኖቹ በአንጻሩ አገራቸውን እየለቀቁ በመርከብ ወደ ሰሜን አሜሪካ ይጓዙ ነበር።

የስደቱ ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። በሰሜናዊና ምዕራባዊ ስኮትላንድ የሚገኘው ተራራማ ክፍል ሃይላንድ ይባላል። ሕዝቡ በጎሳ መሪዎች ሥር ተደራጅቶ የሚኖርና ጌሊክ የተሰኘ የራሱ ቋንቋ ያለው ነበር። በሚያዝያ 1746 በኩሎደን ሜዳ በተደረገው ጦርነት ከስቱዋርት ንጉሣዊ ቤተሰብ ጎን የተሰለፈው ጦር ተሸነፈ፤ በዚህ ጦር ውስጥ ብዛት ያላቸው የሃይላንድ ጎሳዎች ተሰልፈው ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት የጎሳ መሪዎችን ሥልጣን አፈረሰ፤ ወንዶች ባህላዊውን የሃይላንድ ልብስ እንዳይለብሱም በሕግ ከለከለ። ክልከላው እስከ 1782 ጸንቶ ቆይቷል። ከዚህ የተረፉት በመንግሥት ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ የሃይላንድ ክፍለ ጦሮች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ መቶ ዓመታት ባለርስቶች መሬቱን ለበግ እርባታ ለማዋል ሲሉ ጭሰኞችን በስፋት አፈናቀሉ። ይህ ድርጊት በታሪክ የሃይላንድ ማፈናቀል ተብሎ ይታወቃል። የቤት ኪራይና የመሬት ግብር መናር፣ ረሃብና የሥራ እጦት ሲጨመሩበት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ወደ ባሕር ማዶ ተጓዙ። ከቆላማው የስኮትላንድ ክፍል ደግሞ ነጋዴዎች፣ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ ቀሳውስትና የእጅ ባለሙያዎች የተሻለ ኑሮ ፍለጋ በፈቃዳቸው ወጥተዋል። ስለዚህ የስኮትላንድ ዳያስፖራ ተገፍቶ የወጣውንም ዕድል ፈልጎ የወጣውንም ያካተተ ነው። ሁለቱ ወገኖች ለአገራቸው የነበራቸው ስሜትም የተለያየ ነበር።

የመጀመሪያው መሠረት፦ የመረዳጃ ማኅበር

በውጭ አገር የተቋቋሙት ቀደምት የስኮትላንዳውያን ድርጅቶች ባህልን ለማሳየት የተመሠረቱ አልነበሩም። ችግረኛን ለመርዳት የተመሠረቱ ነበሩ። በ1657 በቦስተን ከተማ የተቋቋመው የስኮትላንዳውያን የበጎ አድራጎት ማኅበር ለታመሙ፣ ለተቸገሩና ቀባሪ ላጡ ወገኖች ገንዘብ ያዋጣ ነበር። በ1729 በቻርልስተን የቅዱስ እንድርያስ ማኅበር ተመሠረተ። የስኮትላንድ ጠባቂ ቅዱስ እንድርያስ በመሆኑ ይህንኑ ስም የያዙ ማኅበራት ቆየት ብሎ በበርካታ ከተሞች ተቋቁመዋል።

እነዚህ ማኅበራት ከእኛ ዕድርና ማኅበር ጋር በብዙ ይመሳሰላሉ። አባላት የሚገናኙት ለቁም ነገር ነው፤ ከተገናኙ በኋላ ግን አብረው ይበላሉ፣ የአገራቸውን ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ልጆቻቸውን ያስተዋውቃሉ። ባህሉ የሚቆየው የተሰባሰቡበት ጉዳይ በየዓመቱ ስለሚመለስ ነው። ከእነዚህ ማኅበራት መካከል እስከ ዛሬ የዘለቁ መኖራቸው የመረዳጃን ሥራ ከባህል ጥበቃ ጋር ማጣመር ምን ያህል ጽኑ መሠረት እንደሆነ ያሳያል።

በቀላሉ የሚሻገሩ ቅርሶች፦ ልብስ፣ ውድድርና ማዕድ

በዛሬው ጊዜ ስኮትላንዳዊነት በዓለም ዙሪያ የሚታወቅባቸው ሦስት ዓይነት ምልክቶች አሉ።

የመጀመሪያው አልባሳት ነው። ኪልት የተባለው እስከ ጉልበት የሚደርስ ሽንሽን ልብስና ታርታን የሚባለው ባለ ቀለማት ባለ መስመር የሱፍ ጨርቅ የስኮትላንድ መለያዎች ሆነዋል። የካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ግዛት፣ ስሟ በላቲን “አዲሲቱ ስኮትላንድ” ማለት ነው፣ በ1950ዎቹ የራሷን ታርታን ተቀብላለች። የባሕሩን፣ የሰማዩን፣ የጥዱንና የድንጋዩን ቀለም የያዘው ይህ ታርታን ከካናዳ ክፍላተ ግዛት ታርታኖች የመጀመሪያው ነው። በስኮትላንድም በ2008 በወጣ ሕግ መሠረት የታርታኖች መዝገብ ተቋቁሞ አዳዲስ ንድፎችን ይመዘግባል። ማንኛውም የባሕር ማዶ ማኅበር የራሱን ንድፍ አዘጋጅቶ ማስመዝገብ ይችላል።

ሁለተኛው የሃይላንድ ጨዋታዎች የሚባለው ዓመታዊ ውድድር ነው። ከአምስት ሜትር በላይ ርዝመት ያለውን ግንድ አቁሞ ተሸክሞ በአየር ላይ እንዲገለበጥ አድርጎ መወርወር፣ ከባድ ድንጋይና መዶሻ መወርወር፣ ባግፓይፕ መንፋትና የሃይላንድ ጭፈራ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በኖቫ ስኮሺያ የአንቲጎኒሽ ከተማ ጨዋታዎች በ1863፣ በኒውዚላንድ የዋይፑ መንደር ጨዋታዎች በ1871፣ በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና የግራንድፋዘር ተራራ ጨዋታዎች በ1956 ተጀምረዋል። በእነዚህ መድረኮች ላይ ሕፃናት በዕድሜያቸው ተመድበው ስለሚወዳደሩ በዓሉ ዓመቱን ሙሉ የሚዘጋጁለት የትምህርት ግብ ይሆንላቸዋል።

ሦስተኛው ማዕድ ነው። በ1759 የተወለደው ባለቅኔ ሮበርት በርንስ በሞተ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1801፣ ወዳጆቹ በተወለደበት ቤት ተሰብስበው በመታሰቢያ ራት አሰቡት። ዛሬ የልደቱ ቀን ጥር መጨረሻ ላይ በደረሰ ቁጥር በበርካታ አገሮች ተመሳሳይ ራት ይዘጋጃል። በማዕዱ ላይ ሃጊስ የተባለው ምግብ በባግፓይፕ ታጅቦ ይቀርባል፤ ግጥም ይነበባል፤ ንግግር ይደረጋል። ሃጊስ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር በጨጓራ ውስጥ ተቀቅሎ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ዱለትን ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ ብዙም አይርቀውም።

እነዚህ ሦስቱ በቀላሉ የተሻገሩበት ምክንያት ሊጤን ይገባል። ልብስ ለመልበስ፣ ውድድር ለመመልከትና ማዕድ ለመቋደስ ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም። ቅድመ አያቱ ከስኮትላንድ የመጣ ሰውም ሆነ ምንም የዘር ትስስር የሌለው ጎረቤቱ እኩል መሳተፍ ይችላሉ። በሮቹ ክፍት በመሆናቸው በዓላቱ ሰፍተዋል። ሆኖም ምልክቱ ተጠብቆ ውስጡ ሊጎድል እንደሚችል የቋንቋው ታሪክ ያስረዳል።

በአስቸጋሪ ሁኔታ የሚሻገሩ ቅርሶች፦ የኬፕ ብሬተን ልምድ

በመስከረም 1773 ሄክተር የተባለች መርከብ ወደ 190 የሚጠጉ የሃይላንድ ሰዎችን ጭና ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ከምትገኘው ከፒክቱ ወደብ ደረሰች። በጉዞው ላይ በፈንጣጣና በተቅማጥ በሽታ የሞቱ ነበሩ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ። መርከቧ ከመነሳቷ በፊት የጉዞ ዋጋውን መክፈል ያልቻለ አንድ ባግፓይፕ ነፊ ከመርከቧ እንዲወርድ ሲታዘዝ፣ ተሳፋሪዎቹ ከስንቃቸው ሊያካፍሉት ቃል ገብተው እንዳስቀሩት በአካባቢው ይተረካል።

ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተከትለው በመምጣት በተለይ በኬፕ ብሬተን ደሴት ሰፈሩ። ከአንድ የስኮትላንድ መንደር የመጡ ቤተሰቦች በአንድ ሸለቆ ጎን ለጎን ስለሰፈሩ የጌሊክ ቋንቋ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቤት፣ የቤተ ክርስቲያንና የሥራ ቋንቋ ሆኖ ቀጠለ። ማታ ማታ ጎረቤት በአንድ ቤት ተሰብስቦ ተረት ያወራል፣ ይዘፍናል፣ በቫዮሊን ታጅቦ ይጨፍራል። ሴቶች በእጅ የተሠራውን የሱፍ ጨርቅ አርጥበው በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ እየደበደቡ ሲያጠብቁ የሚዘፍኑት የሥራ ዘፈን ነበራቸው። በደሴቲቱ ሲድኒ ከተማ ከ1892 እስከ 1904 በጌሊክ ቋንቋ ብቻ የሚዘጋጅ ጋዜጣም ይታተም ነበር።

ይህን ያህል ጠንካራ የነበረ ቋንቋ ለምን ተዳከመ? በ1890 አንድ የካናዳ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ጌሊክ ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ቀጥሎ ሦስተኛው የሥራ ቋንቋ እንዲሆን የሕግ ረቂቅ አቅርበው በ42 ተቃውሞ በ7 ድጋፍ ውድቅ ሆነ። ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ብቻ ያስተምሩ ነበር፤ በትምህርት ቤት ቅጥር ጌሊክ ሲናገሩ የተገኙ ልጆች የሚቀጡበት ጊዜም ነበር። ወጣቶች በከሰል ማዕድንና በብረት ፋብሪካ፣ ብሎም በቦስተን ከተማ ሥራ ለማግኘት እንግሊዝኛ ያስፈልጋቸው ነበር። ከሁሉ በላይ ወላጆች ራሳቸው ልጆቻቸው እንደ እነርሱ እንዳይንቁባቸው በመስጋት ቋንቋውን ለአዋቂዎች ወሬ ብቻ መጠቀም ጀመሩ። ልጆቹ ወላጆቻቸው ምሥጢር ሲያወሩ የሚሰሙት ነገር ሆኖባቸው አደጉ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተናጋሪዎች የነበሩት ቋንቋ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የአረጋውያን ቋንቋ ሆነ። ወላጆቹን ለመውቀስ አይቻልም፤ ያደረጉት ለልጆቻቸው ይበጃል ያሉትን ነበርና። ውጤቱ ግን የቀናነታቸውን ያህል የዋህ አልነበረም።

ሙዚቃውም ተመሳሳይ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የካናዳ ብሔራዊ ማሰራጫ ድርጅት የኬፕ ብሬተን ቫዮሊን ተጫዋች ሊጠፋ መቃረቡን የሚያትት ዘጋቢ ፊልም አሰራጨ። ፊልሙ የደሴቲቱን ሕዝብ አስቆጣ፤ የተቆጣው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አባ ጆን አንገስ ራንኪን የተባሉ ካህንና ሌሎች የአካባቢው ሰዎች ተጫዋቾችን ከየመንደሩ አሰባስበው በ1973 በግሌንዴል ከአንድ መቶ በላይ ቫዮሊን ተጫዋቾች በአንድ መድረክ የተሰለፉበት ፌስቲቫል አካሄዱ። በዚያው ጊዜ የተጫዋቾች ማኅበር ተቋቋመ፤ ለልጆች መደበኛ ትምህርት ተጀመረ። በ1990ዎቹ ከዚሁ ደሴት ተነሥተው በዓለም መድረክ የታወቁ ወጣት ተጫዋቾች ወጡ። በ1997 የተጀመረው የኬልቲክ ከለርስ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል በየዓመቱ በመከር ወራት በመላ ደሴቲቱ ይካሄዳል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሙዚቃው የዳነው ማንቂያው በተሰማ ጊዜ በሕይወት ያሉ መምህራን ስለነበሩ ነው። ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ፌስቲቫሉን ማካሄድ ቢቻል እንኳ የሚያስተምር ሰው ማግኘት አዳጋች በሆነ ነበር።

ለቋንቋው የተደረገ ጥረት

በኬፕ ብሬተን ሴንት አንስ በተባለ ስፍራ በ1938 የጌሊክ ኮሌጅ ተመሥርቶ ቋንቋውን፣ ሙዚቃውን፣ ጭፈራውንና የሽመና ሙያውን ሲያስተምር ቆይቷል። በአንቲጎኒሽ የሚገኘው የቅዱስ ፍራንሲስ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲም የኬልቲክ ጥናት ትምህርት ይሰጣል። በ2006 የኖቫ ስኮሺያ መንግሥት የጌሊክ ጉዳዮችን የሚከታተል መሥሪያ ቤት አቋቋመ። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ከቀድሞው የትምህርት ፖሊሲ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ እርምጃ በመውሰዱ ውሳኔው ታሪካዊ ነው።

ከሥራዎቹ መካከል ይበልጥ ትኩረት የሚስበው መምህርና ተማሪ በአንድ ለአንድ የሚገናኙበት መርሐ ግብር ነው። ቋንቋውን አፉን የፈታበት አረጋዊ ከአንድ ጎልማሳ ተማሪ ጋር በሳምንት ለተወሰኑ ሰዓታት አብሮ ይቆያል። ሻይ ያፈላሉ፣ አትክልት ይኮተኩታሉ፣ ስለ ዘመድ አዝማድ ይጫወታሉ፤ ይህ ሁሉ የሚከናወነው በጌሊክ ብቻ ነው። ተማሪው ከቃላቱ ጋር የአረጋዊውን ቀልድ፣ ምርቃትና አክብሮት ይማራል። በ2021 ደግሞ በማቡ መንደር ትምህርቱን በጌሊክ የሚሰጥ አነስተኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፍቷል።

የተናጋሪዎቹ ቁጥር ዛሬም አነስተኛ ነው። ይህን መደበቅ አይገባም። አንድ ጊዜ በቤት ውስጥ የተቋረጠ ቋንቋ በትምህርት ቤት ለመመለስ የሚጠይቀው ገንዘብና ጉልበት፣ ቀድሞውኑ እንዳይቋረጥ ለመከላከል ከሚጠይቀው ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በኒውዚላንድ የታየ ሌላ ገጽታ

ከኬፕ ብሬተን ሴንት አንስ ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ አለ። ኖርማን ማክሊዮድ የተባሉ ሰባኪ ተከታዮቻቸውን ይዘው ከስኮትላንድ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ተጉዘው በሴንት አንስ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ከኖሩ በኋላ፣ ድርቀት ከሌለው ምድር ሳይሆን ከተደጋጋሚ የሰብል መበላሸት ለመሸሽ በ1851 እንደገና ተነሡ። በአውስትራሊያ በኩል አልፈው በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ክፍል በዋይፑ ሰፈሩ። በስድስት መርከቦች ከስምንት መቶ በላይ ሰዎች ተከትለዋቸዋል። በሁለት ስደት ያልተበተነው ይህ ማኅበረሰብ ዛሬም በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ዕለት የሃይላንድ ጨዋታዎችን ያካሂዳል፤ የቤተሰቦችን የዘር ሐረግ የሚያቆይ ሙዚየምም አለው። ጌሊክ ግን እዚያም ከጊዜ በኋላ የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ መሆኑ ቀርቷል።

በደቡቡ የኒውዚላንድ ክፍል ያለችው ደኒደን ከተማ ደግሞ በ1848 በስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን አባላት ተመሠረተች። ስሟ የኤድንብራ ከተማ የጌሊክ ስያሜ ነው፤ ዋና ዋና ጎዳናዎቿም የኤድንብራን ስሞች ይዘዋል። ከመሥራቾቿ አንዱ ቄስ ቶማስ በርንስ የባለቅኔው የበርንስ የወንድም ልጅ ነበሩ። በ1869 የተመሠረተው የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የአገሪቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ስኮትላንዳውያኑ ለትምህርት የሰጡትን ከፍተኛ ቦታ ያሳያል። ይህ የሚያስገነዝበን ቅርስ በልብስና በዜማ ብቻ የማይወሰን መሆኑን ነው። አንድ ማኅበረሰብ የሚያከብረው ዕሴት በሚያቋቁመው ተቋም ውስጥም ይኖራል።

ከአገር ቤት ጋር ያለ ግንኙነት

የባሕር ማዶ ማኅበረሰብ ከአገር ቤት የሚቀበል ብቻ አይደለም፤ የሚመልሰውም አለው። በስኮትላንድ ሊረሳ የተቃረበው በእግር ምት ላይ የተመሠረተ ጭፈራ በኬፕ ብሬተን ተጠብቆ ስለነበር፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የደሴቲቱ መምህራን ወደ ስኮትላንድ ተጋብዘው አስተምረዋል። በ1973 በስካይ ደሴት የተቋቋመው ሳብሃል ሞር ኦስታይግ የተባለው የጌሊክ ኮሌጅም ከካናዳ የሚመጡ ተማሪዎችንና መምህራንን ያስተናግዳል።

በየዓመቱ በግላስጎው በሚካሄደው የዓለም የባግፓይፕ ጓዶች ውድድር ከፍተኛውን ማዕረግ ለብዙ ዘመን ያገኙ የነበሩት የስኮትላንድ ጓዶች ብቻ ነበሩ። በ1987 ግን ከካናዳ ኦንታሪዮ የመጣ ጓድ አሸነፈ። ይህ ድል በውጭ ያለው ልጅ የአባቱን ሙያ አስመስሎ ከመያዝ አልፎ ሊያሳድገው እንደሚችል አረጋግጧል።

የስኮትላንድ መንግሥትም ጉዳዩን በፖሊሲ ይዞታል። በርንስ የተወለደበት 250ኛ ዓመት በተከበረበት በ2009 ተወላጆች አገራቸውን እንዲጎበኙ የሚጋብዝ ዓመታዊ መርሐ ግብር ተካሂዷል። በ2023 ይፋ የሆነው የስኮትላንድ ትስስሮች ማዕቀፍ ዳያስፖራ የሚለውን ቃል በዘር ሐረግ ብቻ ሳይወስን በስኮትላንድ የተማሩትን፣ የኖሩትንና ለአገሪቱ ፍቅር ያላቸውን ሁሉ ያካትታል። ጥንታዊ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዛግብት በኢንተርኔት እንዲገኙ መደረጉም በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች የአያቶቻቸውን መንደር እንዲያገኙ ረድቷል።

በግልጽ ሊነሡ የሚገቡ ጥያቄዎች

ቅርስን መጠበቅ ታሪክን ማስዋብ ማለት አይደለም። ሁለት ነጥቦች በስኮትላንዳውያን ራሳቸው ዘንድ ሲያከራክሩ ቆይተዋል።

የመጀመሪያው የጥንታዊነት ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ቋሚ ታርታን አለው የሚለው ልማድ በአብዛኛው የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ውጤት ነው። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኤድንብራን ሲጎበኙ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባዘጋጁት የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ላይ የሃይላንድ ልብስ የመላው ስኮትላንድ መለያ ሆኖ ቀረበ። በዚህ ምክንያት ልማዱ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም፤ ሁለት መቶ ዓመት የተለበሰ ልብስ የራሱ ታሪክ አለውና። ሆኖም ለወጣቱ ሲነገር በእውነተኛው ዕድሜው ሊነገር ይገባል።

ሁለተኛው የሰፈራው ጥያቄ ነው። ከመሬታቸው የተፈናቀሉት የሃይላንድ ሰዎች የሰፈሩበት የኖቫ ስኮሺያ ምድር የሚክማክ ሕዝብ ምድር ነበር። ተፈናቃይ የነበረ ሰው ሌላውን ያፈናቀለበት ይህ ታሪክ መራራ ቢሆንም የቅርሱ አካል ነው። ቋንቋቸውን በትምህርት ቤት የተነጠቁት ሁለቱም ሕዝቦች መሆናቸው ደግሞ ዛሬ ለመደማመጥ በር ይከፍታል።

ለኢትዮጵያውያን ያለው ፋይዳ

በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ልምድ የሚቀስሙት ብዙ ነው። የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ የሚያካሂደው ዓመታዊ የእግር ኳስ ውድድር ለወገኖቻችን የሚሰጠው አገልግሎት የሃይላንድ ጨዋታዎች ለስኮትላንዳውያን ከሚሰጡት ጋር ይቀራረባል። በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈሩት የመስቀልና የጥምቀት በዓላትም በውጭ ባሉ ከተሞች አደባባይ ላይ ይከበራሉ። እነዚህ በቀላሉ የሚሻገሩ ቅርሶቻችን ናቸው።

በአስቸጋሪ ሁኔታ የሚሻገረው ግን ለእኛም ቋንቋ ነው። ነጭ ልብስ ለብሶ በበዓል የሚገኝ ልጅ የአያቱን ምርቃት ሰምቶ “አሜን” ከማለት በቀር ትርጉሙ የማይገባው ከሆነ፣ በኬፕ ብሬተን የታየው ሂደት በእኛም ቤት ተጀምሯል ማለት ነው። ከስኮትላንዳውያን ልምድ በመነሣት የሚከተሉትን ነጥቦች ለቤተሰቦችና ለማኅበራት እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ቋንቋን ለትምህርት ቤት ብቻ አለመተው። በቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ ለልጅ የሚነገር እንጂ በልጅ ፊት በአዋቂዎች መካከል ብቻ የሚነገር መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ አረጋውያንን ከወጣቶች ጋር በሥራ ማገናኘት። ቡና ሲፈላ፣ እንጀራ ሲጋገር፣ ክራር ሲቃኝ አብሮ መሆን ከመማሪያ መጽሐፍ የማይገኘውን ያስጨብጣል።

ሦስተኛ፣ የመረዳጃ ማኅበራትን የባህል ማዕከል ማድረግ። ሰው በሚሰበሰብበት ዕድር ውስጥ ለልጆች የሚሆን ቦታና ጊዜ ቢመደብ ሌላ ተቋም እስኪመሠረት መጠበቅ አያሻም።

አራተኛ፣ በሕይወት ያሉ ባለሙያዎችን ድምፅና ምስል መቅዳት፤ ከዚያም በላይ ከእነርሱ የሚማር ተተኪ ማዘጋጀት። ቅጂ ማስረጃ ይሆናል፤ ሙያውን የሚያስቀጥለው ግን ተማሪ ነው።

አምስተኛ፣ በውጭ የተወለዱ ልጆች ቅርሱን በራሳቸው መንገድ እንዲያሳድጉት መፍቀድ። የኦንታሪዮው ጓድ በግላስጎው ያሸነፈው ሙያውን የራሱ በማድረጉ ነው።

የኬፕ ብሬተን ሕዝብ ስለ ቫዮሊኑ ማንቂያ በደረሰው ጊዜ የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩት፤ ስለ ቋንቋው ግን ብዙ ከመሸ በኋላ ተነሣ። በአሁኑ ጊዜ በውጭ የሚኖረው ወገናችን አብዛኛው ገና በመጀመሪያውና በሁለተኛው ትውልድ ላይ ይገኛል። አያቶች በሕይወት አሉ፤ ወላጆች ቋንቋውን ይናገራሉ፤ ልጆችም ይሰማሉ። ስለሆነም የስኮትላንዳውያን ታሪክ ለእኛ የሚያስተላልፈው ዋና መልእክት ይህ ነው፦ ጊዜው ገና አላለፈም፤ ነገር ግን ቆሞ አይጠብቅም።